የሰይድ ክንድና የእኔ ወረቀት

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ፤ ቁጭ ማለት ግን እስካሁን አልተማርኩም። ጠዋት ተነስቼ እለብሳለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ በሩ ድረስ እሄድና የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ሲለኝ እመለሳለሁ። ባለቤቴ የሺ «ሰውዬ፣ ወይ ውጣ ወይ ግባ፤ በሩን አታድክመው» ትለኛለች። ስወጣም ደህና አልሆንም። ቆቦ ዋናው መንገድ ላይ ሰው ሲጨብጠኝ እጁን ቶሎ አልለቅም። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለችውን ሥጋ ሳላስበው እዳብሳታለሁ፤ ሞልታለች ወይስ ጎድጉዳለች ብዬ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ነቅተውብኛል። «ሐኪም አለሙ መጣ፣ እጃችሁን ደብቁ» እየተባባሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ግን መጀመሪያ እጃቸውን አይቼ ነው።

ይህን ያመጣብኝ ሥራ የመፍታት ነገር ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ዘይነባ ቤቴ መጣች። ዘይነባ ሮቢት አካባቢ ይኖር የነበረ ሰይድ የሚባል ገበሬ ሚስት ነበረች፤ ሰይድ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የሺ ወንበር ብታቀርብላትም ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መታጠፊያው ላይ ተቀዷል፤ ማህተሙ ግን ደህና አድርጎ ይነበባል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

«አማቴ ሞቱ፤ አላህ ይርሐማቸው» አለች። «ከሳጥናቸው ሥር ነው ያገኘሁት። ለልጄ ለፋጡማ ከዋጃ ሽማግሌ ተልኮላታል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ግን ወሬ ደርሷቸዋል፤ እናቷ ባሏን ጓያ አብልታ የሰበረች ናት የሚል። ቅዳሜ ቁርጡን እንነግራችኋለን ብለዋል። ይህን የጻፉት አንቱ ነዎት። አንቱ ያጥፉልኝ።»

እሺ አልኳት። ከሄደች በኋላ እስከ ምሽት ግቢው ውስጥ ስዞር ዋልኩ።

ያን ወረቀት እንዴት እንደ ጻፍኩት ለመናገር ሥራ ወደ ጀመርኩበት ቦታ መመለስ አለብኝ። ከቆቦ በስተምዕራብ ወደ ላይ በሚወጣው ደጋ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት ክሊኒክ ነበረች። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁ አዲስ ነርስ ነበርኩ፤ ነጭ ጋወኔን በየቀኑ የማጥብ፣ ዓለም ሁሉ እኔን ሲጠብቅ የኖረ የሚመስለኝ። እዚያ የጠበቀኝ ግን ጋሽ ተፈራ ብቻ ነው። ጋሽ ተፈራ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ከማጠብ ተነስቶ በልምድ ያደገ፣ ዲፕሎማ የሌለው ሰው። በወረቀት አለቃው እኔ ነበርኩ። በዚያ ወረቀት ሁለታችንም አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀምንበትም።

በዚያን ጊዜ በደጋው ጓያ የሰበራቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። ዝናብ ሲያጥር ሌላው እህል ይከስላል፤ ጓያ ግን ይበቅላል፤ ሰውም ያለውን ይበላል። ለወራት ከጓያ በቀር ሌላ ያልቀመሰ ጎልማሳ አንድ ቀን ባቱን ይጨመድደዋል፣ እግሩ ይገተራል፣ ጉልበቱ እርስ በርስ ይጋጫል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ነው። እነዚህን ሰዎች መመርመር ያስተማረኝ ጋሽ ተፈራ ነው።

አመራመሩ ያናድደኝ ነበር። በሽተኛው ልብሱን አውልቆ ሲተኛ እሱ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። አይነካም፣ አይናገርም። የመስኮቱ ብርሃን በጎን እንዲያርፍ አልጋውን ራሱ ያዞረዋል፤ ብርሃን ከላይ ሲወርድ ከቆዳ ሥር ያለች ትንሽ እንቅስቃሴ አትታይማ። ከዚያ ያያል። ደጅ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል፤ እኔ እግሬን እያቀያየርኩ እቆማለሁ፤ እሱ ያያል። «ጋሼ፣ ምን እየጠበቅን ነው?» አልኩት አንድ ቀን። «ሥጋው እስኪናገር» አለኝ፤ ዞር ብሎም አላየኝ።

የጅማት መምቻ መዶሻውን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፋብሪካ አልነበረም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ በወይራ ዘንግ ላይ ራሱ ያሰረው ነው። ሁልጊዜም ከደህናው እግር ይጀምራል፤ የሰውየውን ልክ ለማወቅ። ከጉልበት ሥር ያለውን ጅማት መታ ሲያደርገው እግሩ ትንሽ ብድግ ካለ ጤና ነው። እንደ በረገገ በቅሎ ከተራገጠ ግን ጋሽ ተፈራ ፊቱ ይለወጣል። እኔ መጀመሪያ ብርታት ይመስለኝ ነበር።

«ይኼ ብርታት አይደለም፤ ልጓም መበጠስ ነው» አለኝ። «ነርቭ ሊሞት ሲል ወዲያው ዝም አይልም። መጀመሪያ ይበሳጫል፤ በትንሹም በትልቁም ይነሳል። ዝም የሚለው በኋላ ነው። አንተ በሚበሳጭበት ሰዓት ድረስበት።»

ይህን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። ከመጽሐፍ አይደለም፤ ክሊኒኳ ውስጥ የነበረው ብቸኛ መጽሐፍ የመድኃኒት መመዝገቢያ ነው።

ሌላ አንድ ልማድ ነበረው። በሽተኛውን ምን እንደ በላ የሚጠይቀው ቤተሰቡን ካስወጣ በኋላ ነው። እናትም ብትሆን፣ ሚስትም ብትሆን፣ ደጅ ትቆማለች። እኔ ለምን ሰው ታንገላታለህ ብዬ ተከራከርኩት። «ወጥ የምትሠራው ሴት አጠገቡ ቆማ ሳለ ምን በላህ ማለት ክስ ነው» አለኝ። «አንተ ጥያቄ የጠየቅህ ይመስልሃል፤ እነሱ የሚሰሙት ፍርድ ነው።»

ስቀየር መዶሻውን ሰጠኝ። «ክንድህን አታስቸኩለው» አለኝ ሲሰናበተኝ። እኔ ግን መውረዴን፣ ቆላ መግባቴን፣ አውራ ጎዳናውን ማየቴን ነበር የማስበው።

ከዚያ በኋላ የራያን ቆላ ስዞር ኖርኩ። ዋጃ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ እንደገና ዋጃ። ደመወዙን አልነግራችሁም፤ ትስቃላችሁ። ሪፖርት ከበሽተኛ አብልጦ የሚወድ አለቃ ነበረኝ፤ በሽተኛ ሲበዛ የሚደበቅ አለቃም ነበረኝ። በመካከል ትምህርት ጨምሬ የጤና መኮንን ሆንኩ። ሰዉ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዶክተር ነበር የሚለኝ፤ አንድም ቀን አላረምኩትም።

ስሜን ያወጣው አንድ በሽተኛ ነው። የጭነት መኪና ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ጀርባዬን ያዘኝ ብሎ መጣ። ማስታገሻ ሰጥቼ ልሸኘው ስል አስተኛሁትና እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አየሁት፤ እንደ ጋሽ ተፈራ። ተኝቶም የሆዱ ሥጋ አልላላም። ነፋስ በሩን ሲደበድበው ሰውየው ከአልጋው ላይ ተነጠረ። ውስጥ እግሩ ላይ የጠቆረች የሚስማር ጠባሳ አገኘሁ። መንጋጋ ቆልፍ ነበር፤ ገና አፉ ሳይገጥም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላክሁት፤ ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ሰው እየመጣ «እያየ የሚያውቀው ሐኪም የቱ ነው?» ይል ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ይህ አሳበየኝ። ሰው ልብሱን ሳያወልቅ፣ በር ላይ ቆሞ ሳለ የማውቅ መሰለኝ።

ሰይድ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን ሰው በርበሬ ሊሸጥ መጥቶ እግረ መንገዱን ስለሚታከም ሰልፉ እስከ አጥሩ ይደርሳል።

ሰይድ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ። ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ በመጠበቅ የሚታወቅ ነው፤ ወንጭፉን ሲያስጮኸው ሦስት ማሳ ተሻግሮ ያለ ግሪሳ ይነሳል ይሉታል። እናቱ ከድጃና ሚስቱ ዘይነባ አብረውት ገቡ። ፋጡማ ገና የምትታዘል ልጅ ነበረች፤ እናቷ ጀርባ ላይ ተኝታለች።

«ዶክተር፣ እግሬ ከበደኝ» አለ። «ባቴን ይጨመድደኛል። ደግሞ ዘንድሮ ወንጭፉ ከጣቴ ይሾልካል፤ ድንጋዩ ሳልፈልግ ይሄዳል።»

እናቱ ሳቁ። «ክንዱ ላይም ሥጋው ርግብ ርግብ ይላል። እንግዳ ሊመጣብን ነው እያልን ስንት ቀን ቆየን፤ ወላሂ ማንም አልመጣ።»

እንግዳው መጥቶ ነበር። አሁን ሳስበው በሽታው በሁለት አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ራሱን ነግሮኛል፤ የሾለከው ወንጭፍ፣ የሚርገበገበው ክንድ፣ የከበደው እግር። እኔ የሰማሁት እግሩን ብቻ ነው። ሸሚዙን አላስወለቅሁትም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ እንዲቀመጥ አደረግሁና በመዶሻዬ መታ አደረግሁት። እግሩ ተራግጦ የጠረጴዛዬን ጠርዝ መታው። ስንት የደጋ ሰው ፊት ለፊቴ እንዲሁ ተራግጧል። ወዲያው አወቅሁ፤ ወይም ያወቅሁ መሰለኝ።

«ጓያ ትበላለህ?» አልኩት፤ እናቱም ሚስቱም እዚያው ቆመው።

ሰይድ ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። እሷ ቀደመችው። «እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ የጓያ ሽሮ እሠራለሁ። ይወደዋል። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ምንም አልፈራም፤ የሚያስፈራ ነገር የጠየቅኋት አልመሰላትም።

በሳምንት አንዴና ሁለቴ የሚበላ ሽሮ ሰው እንደማይሰብር ጋሽ ተፈራ አስተምሮኛል፤ አውቀዋለሁ። ግን ሰልፉ አጥሩ ጋ ደርሷል፤ እኔም እያየ የሚያውቀው ሐኪም ነኝ። «የሰበረህ ጓያ ነው» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ አፍህ እንዳይደርስ።»

ከድጃ ወደ ምራታቸው ዞሩ። ዘይነባ የታዘለችውን ልጅ ወደ ላይ ገፋ አደረገቻት። ያንን ገፋ ማድረግ እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

በሳምንቱ ከድጃ ብቻቸውን መጡ፤ ለሽማግሌ የሚሆን ማስረጃ ይጻፍልኝ ብለው። ለምን ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅሁም። የጓያ በሽታ፣ ከምግብ የመጣ፣ ብዬ ጻፍኩ። «ከምግብ የመጣ» የሚለውን አሰመርኩበት። ማህተም አደረግሁበት። ዘይነባ በአሥራ አምስት ቀኑ ልጇን አዝላ ወደ ደጋ፣ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ስሰማ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሰይድ ከስምንት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ በባጃጅ፣ ሁለት ሰው ደግፎት። የጓያ ዘር ቤቱ አልገባም። ጓያ የሰበረው ሰው ጓያ ካቆመ በያዘው ላይ ይቆማል እንጂ እየባሰበት አይሄድም፤ ሰይድ ግን ብሶበታል። ያን ቀን ነው ሸሚዙን ያስወለቅሁት። አልጋውን አዞርኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

ትከሻው ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ከቆዳው ሥር ሥጋው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እዚህ አንዴ፣ እዚያ አንዴ፣ ሊፈላ የደረሰ ውኃ እንደሚያደርገው። ሰይድ አያዝዘውም፤ ሊያቆመውም አይችልም። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ አልቆ ጎድጉዷል። በዚያ በቀጨጨ ክንድ ላይ መዶሻውን ሳሳርፍ ደግሞ ክንዱ ዘለለ። የሞተ ሥጋና የሚዘልል ጅማት አንድ ክንድ ላይ። ጓያ ይህን አያደርግም። አፈርኩ። ያን የገበያ ቀን ሸሚዙን ባስወልቀው ኖሮ ያኔውኑ አየው ነበር።

ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ድረስ አብሬው ሄድኩ። የነርቭ ሐኪሟ ቀጭን መርፌ ክንዱ ላይ ሰክታ መሣሪያውን ከፈተችው። ሰይድ ክንዱን ዘና አድርጎ ተኝቷል፤ ከድምፅ ማጉያው ግን ቷ፣ ቷ፣ ቷ ይላል፤ ቆርቆሮ ላይ አልፎ አልፎ እንደሚንጠባጠብ ማሽላ።

ከክፍሉ ወጥተን አስረዳችኝ። ሥጋን የሚያዝዙ ነርቮች ተራ በተራ የሚሞቱበት በሽታ ነው። ከመሞታቸው በፊት፣ አንዳንዴ ጉልበት ከመቀነሱም አስቀድሞ፣ ያለ ልክ ቁጡ ይሆናሉ፤ ማንም ሳይነካቸው ይተኩሳሉ። መጨምደዱም፣ መርገብገቡም ያ ነው። ያን ቁጣ ገና በጧቱ ማርገብ ቢቻል በሽታው ይዘገይ እንደሆነ የሚመራመሩ አሉ አለችኝ። ማዳን ግን ገና የለም። ጋሽ ተፈራ በጎማ መዶሻው የነገረኝን ነው የነገረችኝ። ያኔ እሱ በሕይወት አልነበረም፤ ቢኖርም ዓይኑን የማየት ድፍረት አይኖረኝም ነበር።

«መጀመሪያ ጓያ ያለው ማነው?» አለችኝ ካርዱን እያገላበጠች።

«እኔ ነኝ።»

ካርዱን ዘግታ መለሰችልኝ። ምነው በሰደበችኝ።

በመመለሻችን፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ መሳሳቴን ለሰይድ ነገርኩት። ምላሱ መክበድ ጀምሮ ነበርና ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣው።

«እኔንስ አልበደልከኝም፤ ያመመኝ ያው ነው። የበደልከው እሷን ነው» አለ። ደግሞም፣ «ምላሴ ሳይታሰር አስመልስልኝ» አለኝ።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ማረሚያ ወረቀት ልጻፍ አልኩት። በማህተም የወጣን ነገር በማህተም መሻር ጣጣ ያመጣል፣ ሰውየው እንደሆን አይድን፣ ተወው አለኝ። በእሱ ማሳበብ እችላለሁ፤ ግን እንዲህ እንዲለኝ ፈልጌ ነው የገባሁት። ከድጃን ቤታቸው ሄጄ ለብቻቸው ነገርኳቸው። ሰምተው ሰምተው «ወረቀቱ ሌላ ነው የሚለው» አሉኝ። እኔም ወጣሁ።

ዘይነባን ያስመለሳት ሰይድ ራሱ ነው፤ ሰው ልኮ፣ እናቱን ተቆጥቶ። መጣች። አጉርሳ፣ አገላብጣ፣ በመጨረሻም በዓይኑ ጥቅሻ ሐሳቡን እያነበበች አስታመመችው። ማሽላው ሲያሸት ማማው ላይ ወጥታ ወፉን የምትጠብቀው እሷ ነበረች፤ እሱ ከቤት ሆኖ የወንጭፉን ድምፅ ያዳምጣል። በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ሐዘን ልደርስ ሄጄ አንድ ሴት በሹክሹክታ «ጓያ ነው አሉ» ስትል ሰማሁ። ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። ተቀምጬ ዱዓው ሲያልቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በጦርነቱ ጊዜ የካርድ ክፍሉ መደርደሪያዎች ባዷቸውን ቀሩ። ሰው ሁሉ ለመዝገቡ ሲያዝን እኔ በውስጤ የሰይድ ካርድም ጠፋ ብዬ ቀለል አለኝ። ይህን ለየሺም ነግሬያት አላውቅም። የከድጃን ሳጥን አላሰብኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከዘይነባ ጋር በሚኒባስ ዋጃ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ጉልበቴ አላረፈም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ገላመጠኝ። ዘይነባ በመስኮት ማሽላውን ታያለች።

ፋጡማን የጠየቀው ልጅ አያት ሼህ ኡመር በረንዳቸው ላይ ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ሰላምታው አለቀ። ወረቀቱን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ያሰመርኩበትንም ጭምር።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሐሰት ነው። ሰይድን የገደለው ነርቭ የሚገድል በሽታ ነው። ከዘይነባ ድስት የመጣ ነገር የለም። ሸሚዙን ሳላስወልቅ፣ እናቱ ፊት ምን በላህ ብዬ ጠየቅሁ፤ ሳላይ ፈረድኩ። ጓያ ቢሆንም ኖሮ ባሏን ያበላች ሴት ወንጀለኛ አይደለችም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሼህ ኡመር ግን ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። «ታዲያ ይኼ የነርቭ የምትለው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል?» አሉ።

ይህን ፈርቼው ነበር። አይሄድም ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዘይነባ ነጠላዋን በጣቶቿ እንደጨበጠች ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ቤተሰብ ላይ አንዴ ሳላውቅ አውቃለሁ ብያለሁ።

«በአብዛኛው አይሄድም» አልኩ። «በአንዳንድ ቤት ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ሲሄድ ይታያል። በሰይድ ዘር ከእሱ በፊት የታመመ አልሰማሁም። የማውቀው ይህን ያህል ነው። ከዚህ በላይ አላውቅም።»

በአውራ ጎዳናው ላይ ሁለት የጭነት መኪና አለፈ።

«አላህ የደበቀውን እኛም አንቆፍርም» አሉ ሼህ ኡመር በመጨረሻ። «እኛ የጠየቅነው ስለ እናቲቱ ነበር። ሰማን። ልጅቱን ወስደናል፤ ኢንሻአላህ። ግን ይኼ በአፍ አይቅር። በወረቀት ያጠፋኸውን በወረቀት አቅናው።»

እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሼህ ኡመር ተቀብለው አገላበጡት። «ማህተምስ?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ማህተም የለኝም» አልኩ። «በነበረኝ ጊዜ መጻፍ ነበረብኝ። ፈራሁ።»

«እንግዲያው አሻራህን አኑርበት፤ መጻፍ እንደማይችል ሰው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እስክሪብቶውን ፈታ፤ ቀለሙን አውራ ጣቴ ላይ ቀባው። ሠላሳ ስንት ዓመት ፊርማና ማህተም ሳሳርፍ የኖርኩ ሰው፣ ጣቴን ወረቀቱ ላይ ተጫንኩ።

መንገድ ወጥተን ሚኒባስ ስንጠብቅ ዘይነባ ወረቀቱን እንደ ቀድሞው አራት ላይ አጠፈችው፤ ከነጠላዋ ጫፍ መልሳ ቋጠረችው።

«ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል? አቃጥዪው» አልኳት።

«አላቃጥለውም» አለች። «አማቴ የፊቱን አሥራ ስምንት ዓመት አስቀምጠውታል። የጀርባውን ደግሞ እኔ አስቀምጠዋለሁ።»

ሚኒባሱ መጣ፤ ቀድማኝ ገባች። ቤት ስገባ ጣቴ ላይ ያለው ቀለም በሳሙናም አልለቀቀ፤ የሺ ምን ነካህ ስትለኝ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።